ቤቱ የእኔ ከሆነ ሊዙን የማድሰው ከማን ጋር ነው?



ኢማማችንን ስለማግዝና ማንበብ ስለማላመልጥ፣ ከሶላት በኋላ ወረቀት ይዘው የሚጠሩኝ ብዙ ናቸው። በቅርቡ አንድ አባት ቡሬ ላይ ያላቸውን ሱቅ የሊዝ ውል አሳዩኝ። በ2006 ዓ.ም. የተፈረመ የ70 ዓመት ውል ነው። «ልጄ፣ ቤቱን በላቤ የሠራሁት እኔ፣ ካርታው በስሜ። ታዲያ ዘመኑ ሲሞላ አድስልኝ የምለው ማንን ነው? ራሴን?» አሉኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለበት። ሚንሃጅን ስንቀራ የኢጃራው ምዕራፍ ላይ ተመሳሳይ መስአላ እናገኛለን፦ ተከራይ የተከራየውን ቤት ቢገዛ ኪራዩ ይፈርሳል ወይ? ኢማም ነወዊ ትክክለኛ ነው ያሉት አይፈርስም የሚለውን ነው። የነገሩ አካልና የመጠቀም መብቱ ሁለት ነገሮች ናቸውና።

ለንደን ያሉ ወገኖቻችንም ይህንን ያውቁታል። እዚያ አፓርትማ የሚገዛ ሰው የሚይዘው ብዙ ጊዜ ዓመት የተቆጠረለት ሊዝ ነው። ከጎረቤቶቹ ጋር ተባብሮ የመሬቱን ባለቤትነት ቢገዛ እንኳ ሊዙ በራሱ አይጠፋም፤ ዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ በውል መራዘም አለበት። ልዩነቱ ውሉን የሚፈራረሙት እርስ በርሳቸው መሆኑ ነው።

በአገራችን ግን ሁለቱ በአንድ እጅ አይገቡም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን መሬት የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ ለእኚያ አባት የነገርኳቸው ይህን ነው፦ «አባቴ፣ ግድግዳውና ጣሪያው የእርስዎ ነው። መሬቱ ላይ ያለዎት ግን የ70 ዓመት መብት ነው።»

የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ ለመኖሪያ ቤትና ለሃይማኖት ተቋም 99 ዓመት ይሰጣል። ለንግድ በአዲስ አበባ 60፣ በእኛ ዓይነት ከተሞች 70 ዓመት ነው። ማደስ የሚፈልግ ዘመኑ ሊያልቅ 10 ዓመት ሲቀረው ጀምሮ፣ 2 ዓመት እስኪቀረው ድረስ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። የሚታደሰውም በዚያን ጊዜ በሚኖረው የመነሻ ዋጋ ነው። ካልታደሰ ካሳ የለም።

ስሌቱን አብረን ሠራነው። ውላቸው የሚያልቀው በ2076 ነው፤ የሚያመለክቱት ከ2066 እስከ 2074 ባለው ጊዜ ነው። አባታችን ዝም አሉ። ያኔ ወረቀቱን የሚይዙት ልጆቻቸው፣ ምናልባትም የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። የሚወርሱት ቤቱንና የቀረውን ዘመን ብቻ ነው፤ ይህን ካላወቁ ግን ለዘላለም የእኛ ነው ብለው ይካፈሉታል።

ነባር ይዞታ ያላችሁም ልብ በሉ። ከአባት ወደ ልጅ በውርስ ሲሄድ እንደነበረ ይቀጥላል፤ በሽያጭ ወይም በስጦታ ሲተላለፍ ግን ወደ ሊዝ ይገባል። ነባሩን ቦታ አጠገቡ ካለ የሊዝ ቦታ ጋር ልቀላቅል ብሎ የተፈቀደለት ሰውም ሙሉው በሊዝ ይተዳደርበታል። «ሁለቱም የኔ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የከተማችሁን የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

እህት ወንድሞቼ፣ ዛሬ ማታ ካርታችሁን ከሳጥን አውጡ። ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ውሉ መቼ ተፈረመ፣ ስንት ዓመት ቀረው፣ ያልተከፈለ ዕዳ አለበት? ወሲያ ስትጽፉ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ዘመኑንም ጻፉ፤ ለሚስትም ለልጆችም ንገሩ። በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾችን ለማስታረቅ ሸሆቻችን ስንት ቀን እንደሚቀመጡ አይቻለሁ፤ አንዲት መስመር ጽሑፍ ይህን ታስቀራለች።

አላህ የያዝነውን በበረካ ያቆይልን። ወላሁ አዕለም።