በሎንዶን ከተማ ለሕፃናት ስለ ተከለለው ሜዳ

ከእንግሊዝ አገር ዋና ከተማ ከሎንዶን መካከል፤ ብሉምዝበሪ በሚባለው ሰፈር፤ የኮራም ሜዳ የተባለ ሰፊ ግቢ ይገኛል። በበሩ ላይ የተጻፈው ማስታወቂያ ሕፃን ሳያስከትል የመጣ ዐዋቂ ሰው እንዳይገባ ይከለክላል። እኔም በመጀመሪያ ብቻዬን የሄድሁ ጊዜ ይህን አንብቤ በብረቱ አጥር ፍርግርግ እያየሁ ከውጭ ቀረሁ። ሹምም ቢሆን ባለጸጋም ቢሆን ልጅ ካልያዘ ከዚያ በር አያልፍም።

ይህ ስፍራ ለሕፃናት የተረፈው ግን በብዙ ክርክር ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ቶማስ ኮራም የሚባል የመርከብ አለቃ ከባሕር ንግድ ወደ ሎንዶን በተመለሰ ጊዜ በየመንገዱ ዳር የተጣሉ ሕፃናትን አይቶ ልቡ አዘነ። ማደጊያ ቤት እንዲሠራላቸው አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ከደጅ ወደ ደጅ እየተመላለሰ ለመነ። ብዙዎች ይህ ኃጢአትን ማበረታታት ነው እያሉ መለሱት፤ ነገር ግን ከታላላቅ ቤተ ሰብ የሆኑ 21 ወይዛዝርት ስማቸውን ከፈረሙለት በኋላ ነገሩ ክብር አገኘ። ንጉሥ ዳግማዊ ጊዮርጊስም በ1739 የፈቃድ ደብዳቤ ሰጡት። የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት በ1741 በኪራይ ቤት ገቡ፤ በብሉምዝበሪ የተሠራው ታላቁ ቤት ደግሞ የመጀመሪያው ክንፉ በ1745 ተከፈተ። ሠዓሊው ሆጋርዝ ሥዕሉን፤ የዜማው ሊቅ ሄንድልም ኦርጋኑን ሰጡ።

የሚመጣው ሕፃን ከቦታው በለጠ። ስለዚህ እናቶች እጃቸውን ከከረጢት ከትተው ድንብልቡል እንዲያወጡ ተደረገ። ነጭ የወጣላት ልጇን ታስረክባለች፤ ጥቁር የወጣላት ይዛው ትመለሳለች፤ ቀይ የወጣላት ምናልባት ከተቀበሏቸው አንዱ ታሞ ቢመለስ በማለት ትቈያለች። የምታስረክበውም እናት አንድ ቀን ተመልሳ ልጇን ብትፈልግ ምልክት እንዲሆናት ቍራጭ ጨርቅ ወይም የተሰበረ ሳንቲም ትተው ነበር። ከእነዚህ ምልክቶች ብዙዎቹ ዛሬ በዚያው አጠገብ ባለው ቤተ መዘክር በመስተዋት ውስጥ ተቀምጠዋል። አይቼ ስወጣ ለመናገር አልቻልሁም።

ከዚህ በኋላ ነው ታላቁ ክርክር የመጣው። በ1926 ማደጊያው ንጹሕ አየር ወዳለበት ወደ ገጠር ተዛወረና ቦታው ለአንድ ነጋዴ ተሸጠ። የኮቨንት ጋርደን የአትክልት ገበያ ወደዚያ ይዛወር የሚል አሳብ ተነሣ፤ የሰፈሩ ሰዎች ግን አጥብቀው ተቃወሙና ገበያው ቀረ። ያም ሆኖ ታላቁ ቤት ከመፍረስ አልዳነም፤ የቀሩት በግቢው ዳርና ዳር ያሉት ባለ ዐምድ ደጀ ሰላሞች ናቸው። ለልጆች መጫወቻ ይሁን ያሉት ሰዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ ደከሙ፤ ሎርድ ሮዘርሚር የተባሉት መኰንንም ብዙ ገንዘብ ረዷቸው። 28 ሺህ ካሬ ሜትር የሚያህለው ሜዳ በ1936 ተከፈተ። ዛሬ በውስጡ የሕፃናት መዋያ ቤትም አለ።

ይህ እንዲህ ያለቀ ቢሆንም በዚያ አገር የጥንት ቤትን የሕፃናት መዋያ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ዛሬም ሙግት አያጣም። አሳቡ በማስታወቂያ ተለጥፎ ጎረቤቶች አስተያየታቸውን እንዲጽፉ 21 ቀን ይሰጣቸዋል። አንዱ የልጆቹን ጩኸት፤ ሌላው በማለዳ የሚቆሙትን የወላጆች መኪናዎች ያነሣል። ቤቱ በታሪካዊነት ተመዝግቦ እንደ ሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ የውስጡን ግድግዳ ማፍረስ ወንጀል ነው። በሌላ ወገን የሕፃናቱ ደንብ ዓመቱ ከሁለት በታች ለሆነው ልጅ 3.5፤ ለሁለት ዓመቱ 2.5፤ ከሦስት እስከ አምስት ላለው 2.3 ካሬ ሜትር ይጠይቃል። መተላለፊያውና መጸዳጃው በዚህ አይቈጠርም። እንግዲህ የጥንት ቤት ውበቱ በሰፊው ደረጃውና በመግቢያ አዳራሹ ሲሆን፤ ለልጆቹ ስፍራ ሲለካ ግን ይህ ሁሉ እንደሌለ ይሆናል። ባለ ቤቱ ግድግዳ ልንካ ይላል፤ የቅርስ ጠባቂው አትንካ ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የጩኸቱን ክስ ግን፤ እኔ እንደማስበው፤ የጠገበ ሰው ክስ ነው፤ ብሉምዝበሪዎች የልጆችን ድምፅ በገንዘብ ገዝተው አስቀርተዋልና።

በሁለተኛው ጊዜ የሄድሁት የወዳጄን ልጅ የአራት ዓመቷን ሕፃን ይዤ ነው። በሩ ላይ የቆመው ሰው እኔን ሳይሆን እርሷን አየና አሳለፈን። እርሷም እጄን ለቃ ወደ አሸዋው ሮጠች፤ እኔ ከዐምዶቹ ሥር ተቀምጬ እስክትጠራኝ ጠበቅሁ።