የቀዩ መጥረቢያ ነገር

እኛ ወደ ያቤሎ የመጣን አስተማሪዎች አራት ነበርን። ዕቃችን ግን የስምንት ሰው ይመስል ነበር። ከአዲስ አበባ ከመነሣታችን በፊት መርካቶ ገብተን ለቆላ አገር ያስፈልጋል የተባለውን ሁሉ ገዛን። ድንኳን፣ በአየር የሚነፋ ፍራሽ፣ ብዙ ስለት ያለው ተጣጣፊ ቢላዋ፣ የሸራ ጫማ። ሁሉም አዲስ ነው፤ ሁሉም ያብረቀርቃል።

ፍራሹ አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም። የግራር እሾህ ወጋውና ጎህ ሳይቀድ ባዶ መሬት ላይ ተኝተን ተገኘን። ጫማውንም እሾህ ከሥር በሳው። ተማሪዎቻችን ሳቁብን፤ እውነታቸውን ነው። እነሱ የሚጫሙት ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ነው። ጎማውን እሾህ በቀላሉ አይበሳውም። በሳምንቱ እኛም በረባሶ ገዛን።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። የሚቀጥለው ግን አያስቅም።

ከተማሪዎቻችን መካከል ኦቦ እያልን የምንጠራቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሳይሰምሩ ቀሩ። በዚያ ድርቅ ከብቶቻቸው አለቁ። የተረፏቸው ጥቂት ፍየሎች ናቸው። ጅብ ስላስቸገራቸው ለፍየሎቹ የእሾህ አጥር ማጠር ነበረባቸው። አሮጌው መጥረቢያቸው ደግሞ ተስሎ ተስሎ አልቋል። ስለዚህ አንዲት ፍየል ሸጡና አዲስ መጥረቢያ ሊገዙ ከእኛ ጋር ያቤሎ ገበያ ወጡ።

«ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ምረጡልኝ» አሉን።

ሁለት ዓይነት መጥረቢያ አየን። አንዱ ጥቁር ነው። የአገር ቀጥቃጭ ከጭነት መኪና ባሌስትራ የሠራው ነው፤ የመዶሻው ምት ገና ይታያል። ሁለተኛው ከሱቅ ነው። ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ በባዕድ ቋንቋም ጽሑፍ አለበት። ኦቦ ጥቁሩን አነሡ፤ በድንጋይ ቆጭ ቆጭ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ። እኛ ግን የቀዩን ጽሑፍ አነበብን። «ጠንካራ ብረት» ይላል።

«ኦቦ፣ ይኸ እኮ ተጽፎበታል» አልናቸው።

ፊደል ከጀመሩ ሁለት ወራቸው ነበር። የተጻፈ ነገር ያከብራሉ። ቀዩን ገዙ።

በሦስተኛው ቀን የቀዩ መጥረቢያ ስለት እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። አጥሩ ግማሽ ላይ ቀረ። በዚያው ሌሊት ጅብ ገብቶ ሁለት ፍየሎች በላ። አንዲት ፍየል ለመጥረቢያው ሄዳ ነበር፤ ሁለት ደግሞ በመጥረቢያው ምክንያት ሄዱ። እኛ ነን የመረጥነው።

በማግሥቱ አብረናቸው ወደ ቀጥቃጩ ሄድን። ቦረናዎች ቀጥቃጭን ቱምቱ ይሉታል። ሰውዬው ቀዩን መጥረቢያ ተቀበለን፤ በሞረድ አንዴ ሳብ አደረገበት። ሞረዱ እንደ ቅቤ ገባ። ጥቁሩ ላይ ሲሞክረው ግን ሞረዱ አንሸራተተ። ያኔ ገባን። መኪናው ያን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ ሲነጥር ባሌስትራው የማይሰበረው ብረቱ ጥሩ ስለሆነ ነው። ግን ብረቱ ብቻ አይበቃም። ቀጥቃጩ ስለቱን አግሎ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ይህን ካላደረገ ስለቱ ይለሰልስና ይታጠፋል። ነክሮ ብቻ ቢተወው ደግሞ እንደ ሸክላ ይሸራረፋል፤ ስለዚህ እንደገና ለዘብ ባለ እሳት ያሞቀዋል። የድንጋዩም ምት ለከንቱ አልነበረም። ደህና ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀ ድምፁ ይታፈናል።

እጀታውንም አሳየን። የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ከእጀታው ጋር አብሮ መሄድ አለበት። መስመሩ አግድም ከሆነ ሲመቱበት ይሰበራል፤ ብረቱም ተወርውሮ ሰው ይጎዳል። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ቢሆንም ተጽፎ አላየነውምና ጻፍነው።

ማንበብ ጥቅም የለውም ማለታችን እንዳይመስላችሁ። ጀሪካን ስትገዙ አንብቡ! በቱላ ኤላዎች ድሮ ውኃ የሚቀዳው በቆዳ ባልዲ ነበር፤ ዛሬ ፕላስቲክ በዝቷል። አሮጌ ጀሪካን ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ቀድሞ ምን ነበረበት? የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም ለመጠጥ ውኃ አይሆንም። የራስ ቅል ሥዕል ካያችሁበት ተዉት። ጽሑፉ ተፍቆ ከሆነም ተዉት፤ የፋቀው ሰው ምክንያት ይኖረዋል።

እኛ አራታችን ገንዘብ አዋጣንና ሁለት ፍየል እንግዛልዎ አልናቸው። ኦቦ እምቢ አሉ።

«ጆሮዬ ነግሮኝ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አንዷን ግን እቀበላለሁ» አሉን። ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ከፍየሏ ጋር ከመርካቶ ይዘነው የመጣነውን ሞረድ ጨመርንላቸው። ከዕቃችን ሁሉ የረባው እሱ ነበር።

አጥሩ አሁን አልቋል፤ በጥቁሩ መጥረቢያ ነው የተቆረጠው። ቀዩ በጀርባው ችካል ይመቱበታል።