በፕኖም ፔን ያየነውና የሰማነው

«ቦርሳ አዝላችሁ ስለ ሄዳችሁበት አገር እስቲ ንገሩን» የሚለው ጥያቄ በመምህራን ክበብም፣ በሻይ ቤቱ ወረፋም ስለ በዛብን፣ መልሱን አንድ ጊዜ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ብናሰፍረው ይሻላል አልን። ቆሞ የሚያነብ ሰው ረጅም ጽሑፍ እንደሚያደክመው እናውቃለን፤ ዳሩ ግን ነገሩ እጩ መምህራንንም ሆነ እኛን አስተማሪዎችን የሚነካ ስለ ሆነ ጥቂት ታገሡን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዞው በነሐሴ ወር 2018 ነበር። ሦስት ነን፤ አንዱ የሒሳብ፣ አንዱ የጂኦግራፊ፣ አንዷ የአማርኛ አስተማሪ። ባንኮክ ከተማ ለአጭር ሥልጠና ሄደን ጥቂት ቀናት ስለ ተረፉን፣ ከሆቴል ርካሽ ማደሪያ፣ ከአውሮፕላን አውቶቡስ መርጠን፣ በየጀርባችን አንዳንድ ቦርሳ አዝለን ወደ ካምቦዲያ ዋና ከተማ ወደ ፕኖም ፔን አመራን። በ2025 ሁለቱ አገሮች በድንበር ተጋጭተው ያ የየብስ መተላለፊያ ተዘጋ፤ እኛ ስናልፍ ግን ከሙቀቱና ከወረፋው በቀር የከለከለን አልነበረም።

«ፕኖም» ማለት ኮረብታ ማለት ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ በ1372 ፔን የምትባል አንዲት ባለጸጋ ሴት በወንዝ ሙላት እየተንሳፈፈ በመጣ ግንድ ውስጥ የቡድሃ ምስሎች አገኘች። ጎረቤቶቿን አስተባብራ አፈር አስቆልላ በላዩ ቤተ መቅደስ ሠራችለት። እንግዲህ ከተማው «የፔን ኮረብታ» መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው። ኮረብታው ዛሬም አለ፤ ከፍታው 27 ሜትር ነው። «ይኼማ እኛ አገር ጉብታ እንጂ ኮረብታ አይባልም!» ብለን ሳቅን። ሜዳ ላይ ለተወለደ ሕዝብ ግን ተራራ ነው።

የጂኦግራፊ ባልደረባችን ከወንዙ ዳር አልነሣም አለን። እውነትም የሚያስቀምጥ ነገር አለው። ሜኮንግ፣ ቶንሌ ሳፕና ባሳክ የሚባሉት ወንዞች የሚገናኙት በዚህች ከተማ ፊት ለፊት ነው። በክረምት ሜኮንግ ሲሞላ ውኃው ቶንሌ ሳፕን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ወንዙም አቅጣጫውን ለውጦ ወደ መጣበት ሐይቅ ሽቅብ ይፈሳል። ዝናቡ ሲያባራ እንደገና ዞሮ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሕዝቡም በኅዳር አካባቢ በጀልባ እሽቅድድም ያከብረዋል። «ወንዝ ወደ ኋላ አይፈስም» ብሎ የሚተርት ሰው እዚያ ቢሄድ ተረቱን ያርማል።

መንገዱስ? ሞተር ብስክሌቱ እንደ ንብ መንጋ ነው። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አንድ የሩዝ ከረጢት በአንድ ሞተር ሲሄዱ አይተናል። መንገድ ለመሻገር መቆምም መሮጥም አይረባም፤ ቀስ እያሉ ሳያቋርጡ መራመድ ነው፤ ሞተረኛው ራሱ ዙሮህ ያልፋል። ጉልላቱ ቢጫ በሆነው፣ በ1937 በተሠራው ትልቁ ገበያ ውስጥ ደግሞ በዶላር ገዝተህ መልሱን በሪል ትቀበላለህ። አንዱ ዶላር ወደ 4,000 ሪል ስለ ነበር የሒሳብ ባልደረባችን ያለ ደመወዝ ገንዘብ ያዥ ሆነ። በቤተ መንግሥቱ ግቢ ያለውን፣ ወለሉ ከ5,000 በሚበልጡ የብር ሰሌዳዎች የተነጠፈውን ቤተ መቅደስም ጫማችንን አውልቀን ጎበኘን።

ምግቡ ላይ ተፈተንን። የከተማው ሰው ቁርሱን ሩዝ ከአሳማ ሥጋ ጋር ይበላል፤ አልሆነልንም። የአማርኛ ባልደረባችን ደግሞ ፍልሰታን ትጾም ነበር፤ ሥጋ የሌለበት ያሉን ሁሉ የዓሣ መረቅ ተጨምሮበት ይመጣል። በስተ መጨረሻ በነጭ ሩዝ፣ በጎመን፣ በፓፓያና በሙዝ ዋለች። ቡናቸውን በበረዶና በወፍራም የቆርቆሮ ወተት ይጠጡታል። ቡና በበረዶ! የመጀመሪያውን ቀን ተያየን፤ በሦስተኛው ቀን ግን ራሳችን አዘዝን፤ ሙቀቱ ያስተምራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ካምቦዲያውያን ሰላምታ ሲሰጡ ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ጎንበስ ይላሉ፤ የእጁ ከፍታ የአክብሮቱ መጠን ነው። ለእኩያ ደረት ላይ፣ ለታላቅ አፍ አጠገብ፣ ለወላጅና ለመምህር እስከ አፍንጫ ይደርሳል። ያረፍንበት ቤት እመቤት አስተማሪዎች መሆናችንን የሰሙ ቀን እጃቸው ከደረታቸው ተነሥቶ አፍንጫቸው ዘንድ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ወንዶቹን «ሎክ ክሩ»፣ ባልደረባችንን «ኔአክ ክሩ» እያሉ ይጠሩን ጀመር። «ክሩ» መምህር ማለት ነው፤ «ጉሩ» ከሚለው የሕንድ ቃል የመጣ ነው። እኛ «የኔታ» እንደምንለው መሆኑ ነው። እናቶቻችን ዕድሜ የሚሆኑ ሴት እንዲህ ሲያከብሩን ደስ አለን፤ ኮራንም።

በማግሥቱ ቱኦል ስሌንግ ሄድን።

ግቢው በከተማው መካከል፣ በመኖሪያ ቤቶች መሐል ነው። ማንም አስተማሪ ሲገባበት ወዲያው ያውቀዋል፤ ትምህርት ቤት ነው። ባለ ሦስት ፎቅ አራት ሕንፃዎች፣ ረጃጅም በረንዳዎች፣ በተርታ የተሠሩ ክፍሎች፣ የስፖርት መሥሪያ እንጨት የቆመበት ሜዳ አለው። በ1960ዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይማሩበት ነበር።

ሚያዝያ 17 ቀን 1975 ክመር ሩዦች ከተማዋን ያዙ። ሁለት ሚሊዮን ያህሉን ነዋሪ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ገጠር አስወጡ። ገንዘብ ተሻረ፤ ገበያ፣ ቤተ መቅደስና ትምህርት ቤት ተዘጋ። የተማረ ሰው በመማሩ ብቻ ተጠርጣሪ ሆነ። አገዛዙ ጥር 7 ቀን 1979 እስኪወድቅ ድረስ፣ ከስምንት ሚሊዮን ከማይሞላው ሕዝብ 1.7 ሚሊዮን ያህሉ በግድያ፣ በረሃብ፣ በበሽታና በግዳጅ ሥራ አለቀ። ያ ትምህርት ቤትም «ኤስ 21» የሚባል ምስጢራዊ እስር ቤት ተደረገ። ክፍሎቹ በጡብ ግንብ ተሸንሽነው፣ ሰው እግሩን በቅጡ የማይዘረጋባቸው ጠባብ ጉረኖዎች ሆኑ። በረንዳው እስረኛ ዘሎ እንዳይሞት በሽቦ ታጠረ። የስፖርቱ እንጨት ሰው የሚሰቀልበት ሆነ። በአንዳንዱ ክፍል ጥቁር ሰሌዳው ከነቦታው አለ። ከ12,000 በላይ ሰዎች ገብተውበት በሕይወት የወጡት አዋቂዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ቹም ሜይ የተረፉት የጽሕፈት መኪና መጠገን ይችሉ ስለ ነበር ነው።

እስከዚህ ድረስ ከመጽሐፍ አንብበን ነበር፤ መምህራን በዚህ አገዛዝ እንደ ተገደሉም እናውቅ ነበር። ያስደነገጠን ሌላ ነው። የእስር ቤቱ አዛዥ፣ ዶይክ በሚል ስም የሚታወቀው ካይንግ ጉዌክ ኢአቭ፣ የሒሳብ መምህር ነበር። የእሱ የበላይ የነበረው ሶን ሴን ቀደም ሲል በዚያው ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበር። የሁሉም ቁንጮ ፖል ፖት ራሱ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ አስተምሯል። እንግዲህ ክፍሎቹን የዘጉት ሰዎች ክፍል የማያውቁ መሃይማን አልነበሩም። የእኛው ሙያ ሰዎች ነበሩ።

ዶይክ ጥንቁቅ ሰው ነበር ይባላል። የእስረኞቹን የእምነት ቃል እያነበበ በኅዳጉ ላይ ማስታወሻና እርማት ይጽፍ ነበር፤ ያልተሟላውን እንዲሟላ ይመልሰው ነበር። ደብተር ማረም ነው እኮ! የሒሳብ ባልደረባችን ይህን ሲሰማ ከቡድኑ ተለይቶ በረንዳው ላይ ቆመ፤ ለብዙ ሰዓትም አልተናገረም። ዶይክ በ2010 ፍርድ ቤት ቀርቦ 35 ዓመት ተፈረደበት፤ በ2012 ይግባኝ ሰሚው ወደ ዕድሜ ልክ አሳደገው፤ በ2020 እስር ላይ እያለ ሞተ።

አሠራሩ በስም ላይ የቆመ ነበር። የተያዘ ሰው ሌሎችን እንዲጠቁም ይገረፋል፤ የተጠቆሙት ይያዛሉ፤ እነሱም በተራቸው ይጠቁማሉ። ክር እንደሚመዘዝ ማለት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን የሩቅ አገር ወሬ ብለን መስማት አልቻልንም። በ1977 እና በ1978 የቀይ ሽብር ዘመን ጥቆማ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ከወላጆቻችን ሰምተናል፤ በ2010 በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የሰማዕታት ሙዚየምም አይተናል። ፎቶግራፎቹ በተርታ ተሰቅለው ሲያዩህ አገሩ ይምታታብሃል።

ያስጎበኘችን ወጣት አያቷ አስተማሪ እንደ ነበሩ አጫወተችን። «ገበሬ ነኝ» ብለው ነው የተረፉት። ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ማንበብ እንደሚችሉ ደብቀው፣ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ነፋስ እግራቸው ሥር ቢጥለው እንኳ ዝቅ ብለው አላዩትም። በ1979 ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተርም ወንበርም ስላልነበረ በከሰል እየጻፉ ማስተማር ጀመሩ። «አያትሽ ስለዚያ የሒሳብ መምህር ምን ይላሉ?» አልናት። «ስሙን አይጠሩትም» አለችን። «ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታቸው ድረስ ተማሪ የተማሪ ስም ጽፎ ሲያመጣላቸው ሳያነቡት ይቀዱታል።»

እዚህ ላይ እጩ መምህራን ሆይ፣ እናንተን ነው። የክፍል አለቃ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ረባሾች» ብሎ የጓደኞቹን ስም ሲደረድር፣ መምህሩ ሲገባ የተጻፉት ሲንበረከኩ፣ ያልተጻፉት ደግሞ አለቃውን በእርሳስና በማስቲካ ሲደልሉ ያላየ ከመካከላችን አለ? የኛም ስም ተጽፏል። ይህንን ከቱኦል ስሌንግ ጋር አንድ ነው አንልም፤ እንዲያ ማለት በሟቾቹ ላይ ማሾፍ ነው። ሆኖም ልጅ ጓደኛውን አሳልፎ መስጠት መልካም ጠባይ እንደ ሆነ፣ ስሙ የተጻፈበትም ሳይጠየቅ ጥፋተኛ እንደ ሆነ የሚማርበት የመጀመሪያው ክፍል የኛ ክፍል እንዳይሆን እንፈራለን።

«ክፍል ውስጥ ሰባና ሰማንያ ልጅ አለ፤ ያለ አለቃ እንዴት ይቻላል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከእኛም አንዱ እስከ ዛሬ ይከራከርበታል። አለቃ ይኑር፤ ጠመኔ ያምጣ፣ ደብተር ይሰብስብ፣ ሰሌዳ ያጥፋ። የረበሸውን ግን መምህሩ በዓይኑ ይይ፣ በጆሮው ይስማ፣ ልጁንም ይጠይቅ። ይህ ያደክማል፤ ደመወዙም አይጨምርም። ደመወዝ የሚከፈለን ግን ለዚሁ ድካም ጭምር ነው።

በዚህ ኢንስቲትዩት የትምህርት ዘዴ፣ የምዘና ዘዴ፣ የክፍል አያያዝ ዘዴ እንማማራለን። ዘዴ ጥሩ ነው፤ የፕኖም ፔኑ የሒሳብ መምህርም ዘዴ አልጎደለውም። ያረፍንበት ቤት እመቤት እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው ያነሡልን ዘዴ ስለምናውቅ አይመስለንም፤ ልጃቸውን የሚያምኑት ለእኛ ስለ ሆነ ነው።

በቅርቡ ለተግባር ልምምድ የምትወጡ እጩ መምህራን ሆይ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የክፍል አለቃ የታጠፈ ወረቀት ይዞላችሁ መምጣቱ አይቀርም። ወረቀቱን ምን እንደምታደርጉት ከአሁኑ ተነጋገሩበት። የተለየ አስተያየት ያለው ጽፎ ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ ይለጥፍልን፤ እናነበዋለን።