ማንም የማይጠራኝ ሌሊት

በመርከብ ካሳለፍኳቸው ቀናት ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው ማንም ሊጠራኝ የማይችልባቸውን ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለሰው በግልጽ አልተናገርኩም። ገርጂ ባለው ሰፈራችን ስለ ባሕር የማይጠይቀኝ የለም፤ በእድር ስብሰባ፣ በሰርግ ድንኳን፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም። የምመልሰው ስለ ወደብ ነው፤ የሃምቡርግን ብርድ፣ የቦምቤይን የሰው ብዛት፣ የጅዳን ሙቀት አወራለሁ። ጠያቂዎቼ የሚሹት ይህንኑ ነው፤ እኔም ሌላውን ሳልናገር አልፋለሁ። ወደብ ግን ለመርከበኛ የሥራ ቦታ ነው። ክሬን ሲጮኽ ይታደራል፣ ጭነት ይቆጠራል፣ ወረቀት ይፈረማል። የእኔ ባሕር በወደብና በወደብ መካከል ያለው ነው።

የበኩር ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ በገባሁ ቁጥር ቤቱ ይሞላ ነበር። አንዱ ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ይፈልጋል፣ ሌላው ያዘዘውን ራዲዮ ቴፕ ሊወስድ ይመጣል፤ ባልና ሚስት የተጣሉበት ዘመድ ሽማግሌ ሁን ይለኛል። በዚያ ላይ ለቅሶው፣ ተዝካሩ፣ ማኅበሩ፣ ክርስትናው። ይህን ሁሉ ሸክም ነው ብዬ አላውቅም። ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ፣ ሰው ያደረገኝ ይኸው ነው። ነገር ግን ከአሰብ ስንነሳ፣ መርከቡን ከወደብ የሚያወጣው ፓይለት በገመድ መሰላል ወርዶ ጀልባው ወደ ወደቡ ሲመለስ፣ ደረቴ ውስጥ የሚላላ ነገር ነበር። በየጉዞው ይሰማኝ ነበር። ስሙን ሳልጠራው ኖሬያለሁ፤ ዛሬ እጠራዋለሁ፤ እፎይታ ነው።

የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ሥራ የጀመረው ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ። ገና ዳዴ ሲል በ1959 ዓ.ም. የአረብና የእስራኤል ጦርነት ተነሣና የስዊዝ ቦይ ተዘጋ። ስምንት ዓመት እንደተዘጋ ቆየ። ያን ጊዜ ወደ አውሮፓ የሚሄድ መርከብ መላውን አፍሪካ መዞር ነበረበት። እኔ የገባሁት ቦዩ ከተከፈተ ከብዙ ጊዜ በኋላ በደርግ ዘመን ነው፤ የመርከቦቹም ስም ዘመኑን ይናገር ነበር፦ ነበልባል፣ አንድነት፣ ነጻነት። ከእነርሱ ጎን ደግሞ አባይ ወንዝ። ቀደምቶቹ በአፍሪካ ደቡብ ያለውን ጉድ ሆፕን የዞሩበትን ወራት ሲያወሩ አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር። ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት በጉዞ ነበር።

ሁለተኛ መኮንን ስሆን ፈረቃዬ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ሆነ። ብሪጁ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው፤ እኔና ቃኚው። መብራት ይጠፋል፤ የኮምፓሱና የራዳሩ ፍንጣቂ ብቻ ይቀራል። ሳተላይቱ ቦታችንን መንገር የጀመረ ቢሆንም ካፒቴናችን ሴክስታንት ያላነሳ መኮንን አይወድም ነበር። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለውን ከፍታ ስትለካ የምታገኘው ዲግሪ ያለህበት ኬክሮስ ነው ማለት ይቻላል። አሰብ ላይ 13 ዲግሪ ያህል ነው፤ ቀይ ባሕርን ጨርሰህ ስዊዝ ስትደርስ ወደ 30 ይወጣል፤ ሃምቡርግ ላይ ከ53 በላይ ነው። ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር ኮከቡ ከፍ ይላል፣ የደቡብ መስቀል ደግሞ ወደ ባሕሩ ይሰጥማል። ስንመለስ ኮከቡ ሌሊት በሌሊት ዝቅ እያለ ወደ አገራችን መቅረባችንን ያሳየናል። መብራት በጠፋ ሌሊት ገርጂ ካለው ደጃፌ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ሳይ አሁንም አገኘዋለሁ፤ 9 ዲግሪ ላይ፣ ክንድ ተዘርግቶ በተጨበጠ ጡጫ ልክ ከአድማሱ ከፍ ብሎ።

ያን ጊዜ ከቤት የሚመጣ ነገር ሁሉ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነበር። ደብዳቤ በየወደቡ ባለው የድርጅቱ ወኪል በኩል ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ እኛ ከሄድን በኋላ ይደርስና ይከተለናል። አስቸኳይ ነገር ሲኖር ማርኮኒው፣ ማለትም የራዲዮ መኮንኑ፣ ቴሌግራም ይቀበላል። ማርኮኒው ወረቀት ይዞ ወደ መመገቢያ ክፍል ሲገባ ሁሉም ማንኪያውን ያስቀምጣል። ወረቀቱ ለእኔ አለመሆኑን ሳውቅ የማመሰግነው ክፉ ስላልሰማሁ ብቻ አልነበረም፤ የምጠራበት ቀን ስለተራዘመልኝም ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ደስ ያሉኝ ቀናት ብዙ ናቸው። የገና ዕለት በሜዲትራንያን ማዕበል ውስጥ ወጥ ቤቱ ዶሮ ሠርቶ፣ ሲኒው እንዳይንሸራተት ጠረጴዛው ላይ እርጥብ ጨርቅ ዘርግተን፣ ከሰል ክልክል ስለሆነ ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍልተን ሦስተኛውን የጠጣንበት ቀን አለ። በስዊዝ ቦይ በረሃው መካከል ስናልፍ፣ ከፊታችንና ከኋላችን የተሰለፉት መርከቦች አሸዋው ላይ የሚሄዱ መስለው የታዩበት ቀን አለ። ነገር ግን ልናዘዝ ከተቀመጥኩ መናዘዝ ያለብኝ ስለ አንድ ሌሊት ነው።

ነሐሴ ነበር። ከአሰብ ተነሥተን ባብ ኤል መንደብን አልፈን፣ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ጨርሰን ወደ ቦምቤይ እንጓዝ ነበር። በአዲስ አበባ ክረምት በሆነበት በዚያው ወቅት በዓረብ ባሕር ላይ የደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን ይነፍሳል፤ በሶቆጥራ ደሴት አካባቢ ባሕሩ ክፉ ነው። ቀናት ሙሉ ተንገላተን፣ ከደሴቱ በስተምሥራቅ ርቀን ነፋሱ ረገብ ሲል ፈረቃዬን ተረከብኩ። ጨረቃ አልነበረችም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከፊታችን አድማሱ ነጣ። ከተማ ነው እንዳልል ከተማ የለም፤ ጎሕ ነው እንዳልል ሰዓቱ ገና ነው። ወደ ውስጡ ስንገባ ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ጋቢ የተነጠፈበት መሰለ። መርከብ ውኃውን ሲቀዝፍ ብልጭ የሚለውን ብርሃን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ይህ ግን ሌላ ነው። ብልጭ አይልም፣ አይንቀጠቀጥም፤ ዝም ብሎ ያበራል። ጨለማ የነበረው ሰማዩ ነው። ቃኚው የአሰብ ልጅ ነበር፤ «ሱብሐነላህ» ብሎ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም ከፈረቃዬ ስወጣ ወደ አልጋዬ አልሄድኩም። እስኪነጋ ቆሜ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሰላም ተሰምቶኝ አያውቅም ብዬ በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩ። ቀኑንም ጻፍኩ።

ሳይንቲስቶች ይህን የሚያደርጉት የሚያበሩ ባክቴሪያዎች ናቸው ይላሉ። በጃንዋሪ 1995 እ.ኤ.አ. ሊማ የምትባል የእንግሊዝ የንግድ መርከብ ከሶማሊያ ዳርቻ ወጣ ብሎ እንዲህ ያለ ባሕር አገኘች፤ ካፒቴኗም መዘገበው። ከአሥር ዓመት በኋላ ስቲቨን ሚለር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የዚያን ሌሊት የሳተላይት ምስሎች ሲመረምሩ ብርሃኑን ከሕዋ አገኙት፤ 15,400 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ ለሦስት ሌሊት የታየ። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ያየሁት እውነት መሆኑን ሌላ ሰው መስክሮልኝ ነበርና።

በዚያ ጉዞ ወደ አገሬ የተመለስኩት በጥቅምት፣ ከአውሮፓ ወደብ በአውሮፕላን ነበር። ቦሌ የተቀበለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሸሚዙ ቀለም ያለው ነበር። እቤት ገብቼ አባቴን ስጠይቅ «ጠበል ሄዷል» አሉኝ፤ ራት አቀረቡልኝ፤ በላሁ። ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት አካባቢ፣ በሩ ተንኳኳ። የሰፈሩ ሽማግሌዎችና የእናቴ ወንድሞች ተሰብስበው ገቡ። መርዶ ለማርዳት የሚመጣ ሰው አረማመዱ ይታወቃል። የወንድሜም ሸሚዝ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጥቁሩን ለእኔ ሲል አውልቆት ነበር። ባሕር መካከል ሆኜ ብቻዬን እንዳልሰማ ብለው ቴሌግራም አልላኩም፤ ሁለት ወር ሙሉ ተጠንቅቀው ይዘውልኝ ቆዩ። እንደ ሕጉ አለቀስኩ። ሰዉም ድንኳን እንደገና ጥሎ ከእኔ ጋር ተቀመጠ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ቀኑን ጠየቅኩ። በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሌሊት ነው ያረፈው። ደብተሬን አወጣሁ። ሌሊቱ ያው ሌሊት ነበር።

ከዚያ ጀምሮ ስንት ጊዜ ያን ሌሊት ልጠላው ሞከርኩ። አባቴ ሲያጣጥር ስሜን ጠርቶ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። እርሱ ሲጠራኝ እኔ ማንም አይጠራኝም ብዬ ደስ ብሎኝ ቆሜ ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ አላወቅህም፣ ምን ታደርግ ነበር ይለኛል። አለማወቄ አይደለም የሚያስጨንቀኝ። የሚያስጨንቀኝ ካወቅኩም በኋላ ሌሊቱ አለመበላሸቱ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ባሕሩ አሁንም ነጭ ነው፤ ሰላሙም እንዳለ ነው። ሐዘኑ በአንድ ወገን፣ ብርሃኑ በሌላ ወገን ይቆማሉ፤ አንዱ ሌላውን አይነካም። ልብ እንዲህ ሁለት ሆኖ መኖር የሚችል መሆኑን ስመለከት ራሴን እፈራለሁ።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ «ልጄ፣ በዚህ የምሰጥህ ቀኖና የለኝም» አሉኝ። ቀኖና ቢሰጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስግደት ቢያዙኝ እሰግድ ነበር፤ ስግደቱም ሲያልቅ ነገሩ ያልቅ ነበር።

በዚያ ወቅት ባለቤቴ ገርጂ ላይ ቤት ትሠራ ነበር። በማኅበር ተደራጅተን ያገኘነው መሬት ነው፤ አካባቢው ገና እርሻ የበዛበት፣ መንገዱ በክረምት የማያስገባ። መሠረቱ ሲወጣ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ቆርቆሮው ሲመታ አላየሁም። ሲሚንቶ በወረፋ የተሰለፈችው፣ ከግንበኛው ጋር የተጨቃጨቀችው፣ አባቴን ያስታመመችውም እርሷ ናት። እኔ የቤቱን ፎቶግራፍ በወኪሉ በኩል እየተቀበልኩ መርከቡ ላይ ባለው መኝታ ክፍሌ እለጥፍ ነበር። ደመወዜ ቤቱን ሠራው ይባላል፤ የዘመድ አፍ ነው። እጇ የሌለበት አንድ ግድግዳ የለም።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች በኋላም አሰብ እንገባ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ጦርነቱ ሲነሣ ቀረ፤ ወደ ጅቡቲ ዞርን። ስለዚያ ብዙ የሚናገር ሰው ስላለ እኔ አልጨምርም። በመርከቦቻችን ኋላ ላይ የምዝገባ ከተማ ተብሎ «አዲስ አበባ» እንደሚጻፍ ግን ብዙ የአዲስ አበባ ሰው አያውቅም፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ስሟ በየወደቡ ይነበባል። ከእኛ በኋላ የመጡት መርከቦች በቻይና የተሠሩ ናቸው፤ ሐረር፣ ጋምቤላ፣ ጅግጅጋ ይባላሉ። ስማቸውን በዜና ስሰማ ሥራዬን ትቼ አዳምጣለሁ።

የጎረቤቴ ልጅ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከብ ምሕንድስና ተምሮ የውጭ ድርጅት መርከብ ላይ ይሠራል። ኮንትራት ጨርሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው እኔ ዘንድ ነው። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ሲጠቁ የእርሱም መርከብ እንደ ጥንቶቹ በጉድ ሆፕ ዞረ። የአያቱን ሞት የሰማው እዚያ፣ ከሞተር ክፍል ሲወጣ፣ በስልኩ ነው። መርከቡ ላይ ኢንተርኔት አለና ቀብሩን በቪዲዮ አየ፤ ከዚያም ቱታውን ለብሶ ወደ ፈረቃው ወረደ። «ጋሼ፣ እዚያም አልነበርኩ፣ እዚህም አልነበርኩ» አለኝ። የምመልስለት ፈልጌ አጣሁ። እኔ ቢያንስ አንዱ ዘንድ በሙሉ ነበርኩ። ለዚህ ልጅ ከልቤ አዝናለሁ፤ ማንም የማይደርስበት አንዲት ሌሊት እንኳ አልቀረችለትም። ደግሞ ወዲያው፣ እርሱ አያቱን በዓይኑ ሸኝቷል፣ እኔ አባቴን አልሸኘሁም እላለሁ። ሁለቱንም ሐሳብ ይዤ እተኛለሁ።

አሁን ጡረተኛ ነኝ፣ የእድሩም ጸሐፊ ነኝ። ለቅሶ አልቀርም፤ ድንኳን ሲተከል ቀድሜ እደርሳለሁ፤ ሰው ትጋቴን ያመሰግናል። ከየት እንደመጣ እኔ አውቃለሁ።

ባለፈው ጾም አንድ ምሽት ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ሌሊቱን፣ ደብተሩን፣ እፎይታውን። ምስር እየለቀመች ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ዛሬ ና ቢሉህ ትሄዳለህ?»

ልዋሻት አልቻልኩም። «እሄዳለሁ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ቤቱን ስሠራ ነው ያወቅኩት። ለአንተ የበር ቁልፍ ሳስቀርጽ፣ ይኼ ሰው ሲመጣ እንግዳ ነው የሚሆነው ብዬ አልቅሻለሁ። ያኔ ጨርሼዋለሁ፤ አንተ ገና አሁን ጀመርከው።»