ቁርና ሐሩር ለደከመ ጉልበት



ከዴር ሡልጣን በአርባዕቱ እንስሳ ቤተ ጸሎት አልፎ ወደ ቅዱስ ሚካኤል የሚወርደውን ጠባብ ደረጃ የወረደ ሁሉ ድንጋዩ በስንት ዘመን እግር እንደ ለሰለሰ ያውቃል። ለትንሣኤ በዓል ከሚመጡት ምእመናን መካከል ቁርጭምጭሚቱ የማይዞርበት ዓመት የለም። እኛ ነዋሪዎቹ ደግሞ በማኅሌት መቆምና በስግደት ብዛት ጉልበታችን አርጅቷል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ስድሳውን ዓመት ያለፈ መነኩሴ ስለ ጉልበት የሚናገረው አያጣም።

የሀገሬ ሰው ሕመሙን ሁሉ ለብርድ ይሰጣል። ወገቡን ቢያመው ብርድ ነው፤ ትከሻው ቢያዝ ብርድ ነው፤ ጉልበቱ ቢቆረጥመውም ብርድ ገብቶበት ነው። ስለዚህ በረዶ መድኃኒት ነው ቢሉት ቀልድ ይመስለዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ዕለት ሰባ ዓመት የተጠጋቸው አንዲት እናት በዚያ ደረጃ ላይ ወለም አላቸው። ለዚህ መንገድ ብዙ ዓመት ያጠራቀሙ ነበሩ። እግራቸው ወዲያው አበጠ። አንዱ ቅቤ ይሙቅ አለ፤ ሌላው ወጌሻ ይፈለግ አለ። ከተሳላሚዎቹ መካከል ግን በነርስነት የምታገለግል አንዲት እህት ነበረችና በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ይዛ መጣች።

«ልጄ፣ ብርድ ሊጨመርብኝ ነው?» አሉ እናታችን።

«እማማ፣ ይህንን ያመጣው ደረጃው ነው እንጂ ብርድ አይደለም» አለቻቸው።

በረዶውን ከማኖሯ በፊት ግን በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያለውን አጥንት በጣቷ ተጫነች፤ ቀጥሎም አራት እርምጃ እንዲራመዱ ጠየቀቻቸው። አጥንቱ ሲነካ ብርቱ ሕመም ቢኖር ወይም አራት እርምጃ መራመድ ቢያቅት ራጅ መነሣት ያስፈልጋል፤ ስብራት ሊሆን ይችላልና። እናታችን እያነከሱ ተራመዱ። ከዚያም በረዶው ለሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጠላቸው፤ ተነሣ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ እግራቸውም በትራስ ላይ ከፍ ብሎ ዋለ። እስከ ሐሙስ እንዲሁ ተደረገ። ያስለቀሳቸው ሕመሙ አልነበረም፤ የዓርብ ስግደት ነበር እንጂ። የንስሓ አባታቸው በሕሊናቸው እንዲሰግዱ ፈቀዱላቸውና በስቅለት ዕለት መቋሚያ ተደግፈው፣ ሲደክማቸው ተቀምጠው፣ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ ዋሉ።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ጅማት ሲሳሳብ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ደምና ውሃም ወደ ሥጋው ይፈስሳል፤ እብጠቱና ትኩሳቱ ይህ ነው። ቅዝቃዜ የደም ሥርን ያጠብባል፤ ሕመምን ወደ አእምሮ የሚያደርሱትንም ነርቮች ያዘገያል። ሙቀት ተቃራኒውን ያደርጋል፤ የደም ሥርን ያሰፋል፤ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል። ስለዚህ ትኩስ ጉዳት ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሞቀ ነገር ማድረግና አጥብቆ ማሸት እብጠቱን ያበረታዋል። አባቶቻችን የአራቱን ባሕርያት ግብር ሲያስተምሩን እሳትን በሙቀትና በይብሰት፣ ውሃን በቅዝቃዜና በርጥበት ይለዩልን ነበር። ሁለቱም በሰው ሥጋ ውስጥ ካሉ፣ አንዱን ብቻ መድኃኒት ማለት ለእኔ ጎዶሎ ትምህርት ይመስለኛል።

በረዶም ቢሆን ገደብ አለው። ጌብ ሚርኪን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት የስፖርት ሕክምና መጽሐፍ ዕረፍትን፣ በረዶን፣ በጨርቅ ማሰርንና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥን በአንድነት አስተማሩ፤ ዓለምም ተቀበላቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ራሳቸው ተመልሰው በረዶና ፍጹም ዕረፍት ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጻፉ፤ እብጠቱ ራሱ ሥጋ የሚጠገንበት መንገድ ነውና። (የገዛ ንባቡን በአደባባይ የሚያርም መምህር በእኛም ጉባኤ ቤት ቢበዛ ደስ ባለኝ።) እንግዲህ በረዶ ሕመም ለማስታገስ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጥቂት ጥቂት ይደረግ፤ ሕመሙ ሲፈቅድም እግሩን ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ ይገባል።

ለእኔና ለመሰሎቼ ጉልበት የሚስማማው ሌላ ነው። የሚያመን ትናንት የተጎዳ ነገር አይደለም፤ በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን ሳስቶ፣ አንጓው ደርቆ ነው። የኢየሩሳሌም ክረምት ሲገባ ሌሊት ለኪዳን ስነሣ ጉልበቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው። በሙቅ ውሃ ነክሬ የጨመቅሁትን ፎጣ ለሩብ ሰዓት ያህል ካኖርሁበት በኋላ ግን እታዘዝለታለሁ ይላል። ሀገራችንም ይህን ከጥንት ታውቃለች፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን የመሠረቱት በፍል ውሃው አጠገብ ነው። እዚህም የጥብርያዶስ ፍል ውሃ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ሕመምተኛ የሚሄድበት ነው። ሙቀቱ ግን ያረጀውን አንጓ አያድስም፤ ያላላዋል እንጂ።

«ቁርጥማት» የሚለው ስማችን ብዙ የተለያየ በሽታ ይሸፍናል። የእግር አውራ ጣት በድንገት ቀልቶ፣ ነድዶ፣ አንሶላ እንኳ አላስነካ ሲል ሪህ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን የሚያስታግሰው ቅዝቃዜ ነው እንጂ ሙቀት አይደለም። አንጓ ቀልቶና አብጦ ሰውነት ሁሉ ቢያተኩስ ደግሞ በረዶም ሙቅ ውሃም ይቅርና በዚያው ዕለት ሐኪም ይይ። እንዲሁም ከረጅም የአውሮፕላን ጉዞ በኋላ የአንድ እግር ባት ብቻ ቢያብጥና ቢያም አይታሽ፤ ደም ረግቶ ይሆናልና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ለስኳር ሕመምተኞች ነው። አንድ አባት ሌሊት ሙቅ ውሃ የሞላ የላስቲክ ከረጢት እግራቸው ሥር አድርገው ተኙ። እግራቸው ከደነዘዘ ቆይቶ ነበርና ሲቃጠሉ አልተሰማቸውም፤ ያወቁት ሲነጋ ካልሲያቸው ረጥቦ ሲያዩት ነው። ቁስሉ ለመዳን ወራት ፈጀ፤ የዚያን ዓመት የዮርዳኖስ ጥምቀትም አመለጣቸው። እግሩ የደነዘዘ ሰው በረዶም ሆነ ሙቀት በእግሩ ላይ አያኑር፤ ሌላውም ቢሆን ከረጢት ታቅፎ አይተኛ፤ በቆዳውና በበረዶው ወይም በሙቀቱ መካከል ዘወትር ጨርቅ ይሁን።

በእንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት፣ በማቀዝቀዣው የላይኛው ክፍል፣ አራት የበረዶ ከረጢቶች ተቀምጠዋል፤ ንጹሕ ፎጣም ከጎኑ ባለው መሳቢያ አለ። የሚያስፈልገው ሰው መጋቢውን ሳይጠይቅ መውሰድ ይችላል፤ ሲጨርስ ግን ወደ ቦታው ይመልስ፤ በሕማማት ሳምንት ተፈላጊ ነውና።