ከባሕር በታች ቪዲዮ ማንሣት፤ በሙሻ ደሴት

ደገኛ ሰው ባሕርን አስቀድሞ የሚያውቀው በሥዕል ነው። ስለዚህም ባሕሩን ራሱን በዓይኑ ባየ ጊዜ ሥዕሉ ምን ያህል ጐደሎ እንደ ነበረ ይገባዋል። እኛም ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ጅቡቲ የወረድነው፣ ከውሃው በታች ያለውን ነገር በቪዲዮ አንሥተን ለቤተሰባችን ለማሳየት ዐስበን ነበር። ቪዲዮውን አምጥተናል፤ ነገር ግን ያመጣነው ልናመጣ ያሰብነውን አይደለም።

የተጓዝንበት በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው ነው። 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ መንገደኛውን ከ2,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ያወርደዋል። ይህን የከፍታ ልዩነት አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች ከጅቡቲ ከተማ በስተሰሜን በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይገኛሉ። ዝቅ ያሉ ናቸው፤ መሬታቸውም ከኮራል የተሠራ ነው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ጥቃቅን እንስሳት በብዙ ዘመን የሠሩት ቤት ነው። የጠለቅነውም በሙሻ አጠገብ ባለው በዚሁ የኮራል ተዳፋት ላይ ነው።

መሪያችን የጅቡቲ ተወላጅ ሲሆን በልጅነቱ ድሬዳዋ ተምሮ አማርኛ የሚያውቅ ጐልማሳ ነው። በጀልባው ላይ ሳለን ካሜራችንን ውሃ በማያስገባ ማኅደር ውስጥ አስገባን። ማኅደሩ ውሃ እንዳያስገባ የሚያደርገው አንዲት ቀጭን የጐማ ቀለበት ናት። በእርስዋ ላይ አንዲት የራስ ጠጕር ብትገኝ ውሃ ገብቶ ካሜራውን ያበላሸዋል። ስለዚህ ቀለበቷን ጠርገን፣ ቅባት ቀብተን፣ ደጋግመን ተመለከትናት። መሪያችንም ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ቀለበቷን ሦስት ጊዜ አዩዋት፤ የአየርዎን መለኪያ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዩት» አለን። እኛም ሳቅን።

በዚህ አካባቢ ባሕር ከውሃ በታች ፊልም ማንሣት አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን ለጠላቂው በትንፋሹ ልክ አየር የሚሰጠውን መሣሪያ ሠሩ። በ1950 ዓ.ም. ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ በፖርት ሱዳን አጠገብ ፊልም አነሣ። ኩስቶና ሉዊ ማል በ1956 ዓ.ም. ያወጡት «ጸጥተኛው ዓለም» የተባለው ፊልም፣ ከፊሉ በቀይ ባሕር የተነሣ ሲሆን፣ በካን ከተማ የመጀመሪያውን ሽልማት ተቀብሏል። ሆኖም በዚያው ፊልም ውስጥ ዓሦችን ለመቍጠር ተብሎ ኮራሉ በድማሚት ሲፈነዳ ይታያል። ካሜራ የያዘ ሰው የሚሻውን ነገር ብቻ እያየ ሌላውን ሁሉ ሊዘነጋ እንደሚችል ከዚህ መማር በተገባን ነበር።

ወደ ውሃው በገባን ጊዜ በመጀመሪያ የተለየን ቀለም ነው። ውሃ የብርሃንን ቀለማት በተራ ይውጣቸዋል። ቀይ ገና በ5 ሜትር ጥልቀት ይደበዝዛል፤ ከዚያም ብርቱካንማው፣ ቀጥሎም ቢጫው ይከተላል። በመጨረሻ የሚቀሩት አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው። ስለዚህ መሪያችን ነጭ ሰሌዳ ያዘልን፤ እኛም ካሜራውን በሰሌዳው ላይ አነጣጥረን ነጭ የቱ እንደ ሆነ አስለየነው። ጥልቀቱ በተለወጠ ቍጥር ይህ ሥራ እንደ ገና ይደረጋል። መብራቶቹንም ከካሜራው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አራቅናቸው፤ በቅርብ ቢበሩ በውሃው ውስጥ ያለውን ብናኝ አብርተው ሥዕሉን በረዶ የሚጥልበት ያስመስሉታልና።

ጥቂት እንደ ቈየን አንዲት የባሕር ኤሊ ከኮራሉ ሥር ወጣች። እጅግ የቀረበች መሰለችን፤ በውሃ ውስጥ በመነጽር የሚታይ ነገር ሁሉ ከመጠኑ ሲሶ ያህል ገዝፎ ይታያልና። እርስዋም በዝግታ ተዳፋቱን ይዛ ወረደች፤ እኛም ዓይናችንን ከካሜራው መስኮት ሳንነቅል ተከተልናት። በ20 ሜትር ጥልቀት የውሃው ግፊት በገጽ ካለው ሦስት እጥፍ ስለሚሆን አየርም በሦስት እጥፍ ያልቃል። ይህን በትምህርት ዐውቀነው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን አላሰብነውም። ድንገት የሰው እጅ በካሜራው ፊት ገብታ ኤሊዋን ጋረደችብን። ተቈጣን። እጂቱም ወደ መለኪያችን አመለከተች። መርፌው ለመጠባበቂያ ከሚተወው ከ50 ባር በታች ወርዶ ነበር።

መሪያችን ትርፍ መተንፈሻውን ሰጠን፤ ክንዳችንንም ይዞ በዝግታ አወጣን። በ5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ አስቁሞን ወደ ጀልባው ተመለስን። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ትርጓሜውን ያወቅነው ግን በዚያች ቀን ነው። መሪያችን አልገሠጸንም። «ጋሼ፣ ኤሊዋ ነገም ትኖራለች፤ አየሩ ግን የዛሬ ነው» ብቻ አለን።

በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ መመለስ አልቻልንም። ጠልቆ የወጣ ሰው በሰውነቱ ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅን እስኪወጣለት ድረስ ወደ ከፍታ መውጣት የለበትም። ያለዚያ ጋዙ በደሙና በሥጋው ውስጥ አረፋ ሆኖ ብርቱ ሕመም ያመጣበታል። እኛም አንድ ሙሉ ቀን ለመቈየት ቈርጠን በማረፊያችን ተቀምጠን ቪዲዮውን በኮምፒዩተር ማቀናበር ጀመርን።

በመጀመሪያ ቀለሙን አስተካከልን። ውሃው የወሰደውን መመለስ መልካም ነው፤ እኛ ግን ከመጠን አልፈን ኮራሉን እንደ በርበሬ አቀላነው። ሊጠይቀን የመጣው መሪያችን ይህን አይቶ፣ «ይህ የሙሻ ባሕር አይደለም» አለን። እውነቱን ስለ ሆነ የጨመርነውን ቀነስን።

ቀጥሎ ድምፁን ሰማን። መጀመሪያ ያሰብነው ድምፁን አጥፍተን ሙዚቃ ልናስገባበት ነበር። ነገር ግን ባዳመጥነው ጊዜ ትንፋሻችን ሲለወጥ ሰማን። በመጀመሪያ ረጅምና የረጋ ነበር፤ ኤሊዋ ከታየች በኋላ እያጠረና እየፈጠነ ሄደ። በትንፋሹም መካከል ብረት በብረት ላይ ሲመታ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ይሰማል። መሪያችን የአየር ሲሊንደሩን እየመታ ሲጠራን ኖሯል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በአየር ካለው ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚሮጥ ከየት እንደ መጣ አይለይም፤ እኛ ግን ከየትም ይምጣ አልሰማነውም። ካሜራው ያን ሁሉ ሰምቶ ነበር።

እጂቱ የገባችበትን ክፍል ቈርጦ መጣል ቀላል ነበር፤ ኤሊዋ ብቻዋን ስትሄድ የሚታይበት ቪዲዮ ይበልጥ ባማረ። ግን ያለዚያች እጅ ቪዲዮውን የሚያሳይ ሰው ባልተገኘም ነበር። ስለዚህ ከ47 ደቂቃ ውስጥ 6 ደቂቃ መርጠን ስናስቀር ትንፋሹን፣ ጥሪውንና እጂቱን እንዳሉ ተውናቸው።

በቤታችን ቪዲዮውን ባሳየን ጊዜ ትንሿ ልጃችን፣ «አባዬ፣ ኤሊዋን የጋረደው ሰው ማነው?» ብላ ጠየቀችን። «ወደ አንቺ የመለሰኝ ሰው ነው» አልናት። ወደዚያ ባሕር ለመሄድ ለሚያስቡ አንባብያንም የምንመክረው ይህንኑ ነው፦ ካሜራውን ከማብራትዎ በፊት መለኪያዎን ይዩ፤ ካበሩትም በኋላ ደጋግመው ይዩት።