«በምን አወቅህ?»

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሳይንስ ትምህርት ነው። «ፓስተር ደግሞ በሳይንስ ምን አገባው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። የተመረቅሁት ከነገረ መለኮት ኮሌጅ ነው፤ ፊዚክስም ኬሚስትሪም ላስተምራችሁ አልችልም። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ በእረኝነት ሳገለግል፣ የሳይንስ ትምህርት መጓደል እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድረስ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይቻለሁ። ያየሁትም በፈተና ውጤት ላይ ብቻ አይደለም። በሰው እግር ላይም አይቼዋለሁ።

የፈተናውን ነገር ሁላችንም ሰምተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ቁጥር ከአንድ ሺህ በላይ ነበር። በዚያ ሰሞን በየጸሎት ፕሮግራሙ «የውድቀት መንፈስ» ሲገሠጽ ሰማሁ። ለልጆቻችን መጸለይ መልካም ነው፤ ማንም እንዲተወው አልፈልግም። ግን ማይክሮስኮፕን ከመጽሐፍ ገልብጦ የሣለ፣ የክፍሎቹን ስም አንድ በአንድ የሸመደደ፣ በዓይኑ ግን አንድም ቀን አይቶት የማያውቅ ልጅ ሲወድቅ፣ ምክንያቱን ፍለጋ አየር ላይ መውጣት አያስፈልገንም። ቤተ ሙከራ ተብሎ የተሠራው ክፍል የተሰበሩ ወንበሮች ማከማቻ ሆኗል፤ ቁልፉም የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ትምህርቱ እንደየክልሉ ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ልጁ ግን እንግሊዝኛውን ራሱን ገና አልያዘውም። መምህሩ 60 እና 70 ተማሪ ፊት ቆሞ ይውላል፤ ማታ ደግሞ ደመወዙ ወር ስለማያደርሰው ባጃጅ ይነዳል። ከዓመታት በፊት ፕላዝማ መጣ፤ በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር የተማሪው ጥያቄ ሳይገባው ያልፍ ነበር። ከዚያ 70/30 ተባለ፤ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይሂዱ ተባለ። ቁጥሩን መመደብ ቀላል ነው። ቤተ ሙከራውን ማን ይክፈተው?

እኛ አማኞች በዚህ ነገር ላይ ጸጥ ያልንበት የራሳችን ምክንያት አለን፤ መነሻውን ማወቅ ይጠቅማል። ያደግሁት ወላይታ ገጠር ነው፤ የተማርኩትም በደርግ ዘመን። አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አማኞች በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጸልዩበት ጊዜ ነበር። ሽማግሌዎቻችን «ሳይንስ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰሙት ከማን አፍ ነው? ከካድሬው። በስብሰባ ላይ ሳይንስና «እግዚአብሔር የለም» አንድ ላይ ታስረው ይቀርቡ ነበር። ስለ ክርስቶስ የታሰሩ አባቶች ቃሉን ቢጠረጥሩት አልፈርድባቸውም። ካድሬው ከሄደ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። ጥርጣሬው ግን ቀረ፤ ለልጅ ልጆቻቸውም ተረፈ። ዛሬም ዩኒቨርሲቲ የምትገባ ልጅ «ባዮሎጂ ብመርጥ እምነቴን አጣ ይሆን?» ብላ በሹክሹክታ ትጠይቀኛለች።

ደግነቱ እኔ በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ሰው ገጠመኝ። የ7ኛ ክፍል የሳይንስ መምህራችን ቤተ ሙከራ አልነበረውም። ሦስት ጠርሙስ አመጣና በየአንዳንዱ ውስጥ ጥጥና ባቄላ አደረገ። አንዱን ውሃ ከለከለው። ሁለተኛውን አርሶ መስኮት ላይ አስቀመጠው። ሦስተኛውን አርሶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። «የትኛው ይበቅላል?» ሲል ክፍሉ በሙሉ «መስኮት ላይ ያለው!» አለ። ከሳምንት በኋላ ቁም ሣጥኑ ሲከፈት የጨለማው ባቄላ በቅሎ፣ እንዲያውም ከመስኮቱ ይልቅ ረዝሞ፣ ግን ነጣ ብሎና ቀጥኖ ተገኘ። ውሃ ያጣው ብቻ እንደ ነበረ ቀረ። ዘሩ ለመብቀል ስንቁን በሆዱ ይዞ ኖሯል፤ ብርሃን የሚያስፈልገው ስንቁ ሲያልቅ ነው። ይህ መምህር አንድ ልማድ ነበረው። ተማሪ የሆነ ነገር እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር አይቆጣም፣ አይስቅም፤ «በምን አወቅህ?» ብቻ ይላል። «ሰዎች ሲሉ ሰማሁ» ካልነው «እነሱስ በምን አወቁ?» ይለናል።

የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት በዚሁ አይደለምን? ጳውሎስ የሰበከውን በደስታ ተቀበሉ፤ ነገሩ እንደዚያ መሆኑንም በየዕለቱ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር (ሐዋ. 17፥11)። ሐዋርያው ሲመረመር አልተቀየመም። ዛሬ «በምን አወቅህ?» ሲባሉ የሚቆጡ ነቢያት ያሉን መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ይህን ግን ለሌላ ቀን ልተወው።

አሁን ወደ እግሩ ልመለስ። በሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። ሁለቱም እግራቸው ከጉልበት በታች አብጦ፣ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሮ፣ በየጊዜው እየቆሰለ ይሸት ነበር። ዝሆኔ ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ደጃፍ ላይ ነበር የሚቀመጡት፤ ግቡ የሚላቸውም አልነበረም። ሰው እንዳይጋባባቸው «በዘራቸው ነው» ይባል ስለነበር ሴት ልጃቸው የሚያገባት አጣች። ከሩቅ የመጣ አንድ አገልጋይ ደግሞ የአያቶቻቸውን ኃጢአት እንዲናዘዙ አደረጋቸው። ተናዘዙ። የማያውቁትን የአያት ኃጢአት እያለቀሱ ተናዘዙ፤ እግሩ ግን አልጎደለም።

ደቀ መዛሙርቱ በዮሐንስ 9 ላይ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ ኃጢአት የሠራው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጌታን ጠይቀዋል። ጌታ ሁለቱም አይደሉም ነው ያላቸው። ያን ምዕራፍ ስንት ጊዜ ሰብከነዋል! በደጃፋችን የተቀመጡትን እናት ግን አልፈናቸው እንገባ ነበር።

ይህ በሽታ ከየት እንደሚመጣ የታወቀው ሰዎች ተግተው ስለጠየቁ ነው። በቆላ አገሮች ዝሆኔ በወባ ትንኝ ዓይነት በሚተላለፍ ትል ይመጣል። በእኛ ደጋ ግን ትሉ የለም፤ በሽታው ግን አለ። ለምን? ተመራማሪዎች በየገበያው እየዞሩ ያበጠ እግር ቆጠሩ። ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን ባደረገው ጥናት፣ ሕመምተኞች የሚበዙት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በሚበዛበት ከፍታ ቦታ መሆኑን አሳየ። ዓመታት ሙሉ በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ፣ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳው ዘልቀው የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን የሊምፍ ቧንቧዎች ይጎዱበታል። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ንክች አይልም። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለበት ይገመታል።

«ታዲያ ለምን በአንድ ቤተሰብ ይበዛል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እርግማን ነው ያሉትም ከዚህ ተነሥተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ እዚያው ወላይታ ላይ የተደረገ ጥናት፣ አንዳንድ ሰዎች ለአፈሩ ይበልጥ የተጋለጡ የሚያደርጋቸው የዘረመል ልዩነት እንዳለ አሳይቷል። ሰዎች ዘር ያሉት ከንቱ አልነበረም ማለት ነው፤ ያየነው እውነት ነበር፣ የሰጠነው ትርጉም ግን ሰው ገደለ። የተጋለጠውም ሰው ቢሆን ከልጅነቱ ጫማ ካደረገ አይታመምም። መከላከያው ጫማ ነው፤ ጫማ!

ለእኒያ እናት የደረሰላቸው ሕክምናም ውድ አልነበረም። የጤና ባለሙያዋ ሳፋ ይዛ መጣች። ጥቂት በረኪና በብዙ ውሃ በጥብጣ፣ እግራቸውን በሳሙና አጥባ፣ አድርቃ፣ ቅባት ቀብታ፣ ካልሲና ጫማ አደረገችላቸው። በየቀኑ እንዴት እንደሚያጥቡም አስተማረቻቸው። በወራት ውስጥ ሽታው ጠፋ፣ ቁስሉ ደረቀ፣ እብጠቱም ቀነሰ። ልጅቷ አጎንብሳ ያን እግር ስታጥብ ላየ ሰው ዮሐንስ 13ን መስበክ አያስፈልገውም ነበር። እኒያ እናት ከዚያ በኋላ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይዘምሩ ነበር። ልጅቷ ባዮሎጂ ባትማር ኖሮ ያ ሳፋ አይመጣም ነበር።

የራሳችን ሰዎችም በዚህ መንገድ ሄደዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፈው አዩ። እናቶቻችን በእንዶድ ሲያጥቡ ዘመናት አልፈዋል፤ ብዙ ሰውም በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል። እሳቸው ቆመው «ለምን እዚህ ብቻ?» አሉ። ከዚያች ጥያቄ ተነሥተው፣ በኋላም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ደክመው፣ እንዶድ ብልሃርዝያን ለመከላከል እንደሚረዳ አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ሁለቱ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እንዶዱን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። ሰሎሞን ከሊባኖስ ዝግባ አንሥቶ በቅጥር ላይ እስከሚበቅለው ሂሶጵ ድረስ ስለ ዛፎች፣ ስለ እንስሳትና ስለ ዓሦች መናገሩ ከጥበቡ ጋር ተቆጥሮለታል (1 ነገሥት 4፥33)። ፍጥረትን መመርመር ከፈጣሪ መሸሽ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ይህን ለምን ይቆጥርለታል?

ስለ ፈውስ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነውና። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ አምናለሁ፣ በሽተኛ ላይ እጄን ጭኜ እጸልያለሁ። ነገር ግን «ተፈውሰሃል፣ መድኃኒትህን ጣል» የሚል ቃል ሰምቶ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን ያቋረጠ ወጣት ቀብሬአለሁ። ያ ልጅ ሳል ሲተወው ድኛለሁ አለ። ምልክቱ ሲጠፋ ጀርሙ እንደማያልቅ፣ መድኃኒቱም ለወራት የሚሰጠው ለዚህ እንደሆነ የነገረው ቢኖር፣ ወይም በትምህርት ቤት በቅጡ ተምሮት ቢሆን፣ ዛሬ በመዘምራኑ መካከል ይቆም ነበር። ንጉሡ ሕዝቅያስ ከጌታ አሥራ አምስት ዓመት ተጨመረለት፤ ያም ሆኖ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (ኢሳ. 38)። ነቢዩ ተስፋውንም ጥፍጥፉንም አንድ ላይ ነው የሰጠው።

ስለ ዝግመተ ለውጥ የምትጠይቁኝ ወጣቶች ደግሞ አላችሁ። ሁሉን የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ያለ ጥርጥር አምናለሁ። እንዴትና በምን ያህል ዘመን በሚለው ላይ ግን ጌታን የሚወዱ ክርስቲያኖች ይለያያሉ። የምመክራችሁ፣ ትምህርቱን በሚገባ ተማሩት ነው፤ ያላነበባችሁትን አትቃወሙ። ለዚያ አንድ ምዕራፍ ተብሎ ባዮሎጂ በሙሉ የተጠላበት ቤት አውቃለሁ፤ የዚያ ቤት ልጅ ነርስ መሆን ትመኝ ነበር።

በእኛ አጥቢያ ከአንድ ዓመት ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰንበት ትምህርት ክፍሉን ከፍተናል። ከምእመናኑ መካከል ሁለት መምህራንና አንዲት ነርስ ያለ ክፍያ ያገለግላሉ። ዕቃችን ጠርሙስ፣ ሎሚ፣ አመድ፣ ሻማ፣ ባቄላ ነው። ከርከዴ አፍልተው ሎሚ ሲጨምሩበት ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ የአመድ ውሃ ሲያደርጉበት ወደ አረንጓዴ ይዞራል። መጀመሪያ ቀን ይህን ያዩ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን አጥቁረው «ይኼ ነገር በእግዚአብሔር ቤት?» አሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ራሳቸው ከቤታቸው አመድ በፌስታል ይዘው መጡ። የባሕር ዛፍ አመድና የግራር አመድ እኩል ያዞረው እንደሆነ ማየት ፈልገው ነበር፤ ልጆቹ ሁለቱን ለየብቻ በጠርሙስ በጥብጠው ስም ጻፉበት።

ማይክሮስኮፕ ገና የለንም። በየቤታችሁ ወይም በምትሠሩበት ክሊኒክ ያረጀ፣ ግን የሚሠራ ያላችሁ ወገኖች ብታውሱን ለልጆቹ ትልቅ ነገር ነው። መምህራን የሆናችሁም በወር አንድ ቅዳሜ ስጡን። የቤተ ክርስቲያናችን አባል ያልሆኑ ልጆችም ይመጣሉ፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው።